እህቴ ሰመራ ዩኒቨርሲቲ ደርሷታል፤ ለሙቀቱ ምን ይዛ፣ ምን አውቃ ትሂድ?

ጠያቂ፦ የደብረ ብርሃን ልጅ

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ታናሽ እህቴ ዘንድሮ ሰመራ ዩኒቨርሲቲ ደርሷታል። ያደገችው ደብረ ብርሃን ነው፤ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ በጥቅምትና በኅዳር ውርጭ በሚጥልበት አገር። ሰመራ ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ 400 ሜትር ቢሆን ነው። ቤተሰቡ ምደባ እናስቀይር እያለ ነው፣ እሷ ግን መሄድ ትፈልጋለች፣ እኔም ከእሷ ጋር ነኝ።

"አይዞሽ፣ ትለምጂዋለሽ" የሚለውን ብዙ ሰው ነግሮናል። የምፈልገው ቁርጥ ያለ መረጃ ነው። ዶርም ውስጥ እንዴት ይተኛል? ምን ልግዛላት፣ ሸክም ብቻ የሚሆነውስ የቱ ነው? ወባው እንዴት ነው? ላፕቶፕ ይዛ ስለምትሄድ እሱም ያሳስበኛል። እናታችን ደግሞ ስንቅ ማዘጋጀት ጀምራለች፤ ምን እንደሚበላሽና ምን እንደሚቆይ የምታውቁ ብትነግሩን።

መልስ 1፦ ግቢ ሰመራ

ወንድሜ፣ ከሁሉ በፊት ካሌንደሩን ተረዱት። አዲስ ተማሪ ብዙ ጊዜ የሚገባው በቀዝቃዛዎቹ ወራት ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ሰመራ ማታ ማታ ነፋሻ ናት፣ ቀኑም የሚቻል ነው። ተማሪው "ሲያጋንኑ ነው እንጂ" ብሎ ይዘናጋል። ከዚያ ግንቦትና ሰኔ ይመጣል፤ ቀን ከ40 ዲግሪ ያልፋል፣ ሌሊቱም እፎይ አያሰኝም። ፈተናም ብዙውን ጊዜ እዚያው ላይ ይወድቃል። እህትህ የሙቀቱን ዘዴ በጥር ትልመደው፤ በግንቦት እንማረው ቢሉት አይሆንም።

ሰውነት ሙቀት ለመልመድ ከ1 እስከ 2 ሳምንት ይፈጅበታል። ላብ ቶሎ መምጣት ይጀምራል፣ በላቡ የሚወጣው ጨውም ይቀንሳል። ግን ይሄ ልምምድ ይጠፋል። ለእረፍት ደብረ ብርሃን ሦስት አራት ሳምንት ከቆየች ስትመለስ እንደ አዲስ ነው የምትጀምረው። በተመለሰችበት የመጀመሪያ ሳምንት ቀትር ላይ ሻንጣ ተሸክሞ መንከራተት፣ ኳስ መጫወት፣ ልብስ ማጠብ የለም።

ክፍሉን በተመለከተ ሰው ሁሉ የሚሳሳተው መስኮት ላይ ነው። "ሞቀን" ብሎ ቀትር ላይ መስኮት መክፈት ማለት የውጪውን 42 ዲግሪ ወደ ውስጥ ማስገባት ነው። ትክክለኛው፣ ፀሐይ ከበረታች ጀምሮ (ከጠዋቱ 3 ሰዓት ገደማ) ፀሐይ የሚመታውን ጎን ዘግቶ መጋረጃ ማውረድ፣ ከመሸ በኋላ ሁሉንም መክፈት ነው። ሆኖም ክፍሉ ውስጥ ስድስት ሰባት ሰው ካለ ሙሉ በሙሉ መዝጋት አይቻልም፣ ይታፈናል። ያኔ ጥላ ያለበት ጎን ይከፈታል። ቆርቆሮው ኮርኒስ ከሌለው ደግሞ ምንም ቢዘጋ ቀን ክፍሉ ውስጥ መቀመጥ አይመከርም፤ ሙቀቱ የሚመጣው ከላይ ነውና። ላይብረሪ ወይም ዛፍ ሥር ይሻላል።

ቬንትሌተር ብቻውን አያቀዘቅዝም። አየሩ ከ35 ዲግሪ በታች ሲሆን ደስ ይላል፤ ከዚያ በላይ ሲሆን ግን ትኩስ አየር ፊት ላይ መንፋት ነው። በረሃው ላይ የሚሠራው ውሃና ነፋስ አንድ ላይ ሲሆኑ ነው። አየሩ ደረቅ ስለሆነ ውሃው ቶሎ ይተናል፣ ሲተን ደግሞ ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ፦

ስስ የጥጥ ሻሽ ወይም ነጠላ ነክሮ፣ እስኪያቅተው ጨምቆ፣ አንገትና ትከሻ ላይ ጣል ማድረግ። ሲደርቅ መድገም። ለመኝታ የሚነከረው አንሶላ ከላይ የሚለበሰው ብቻ ነው። ፍራሽ ላይ እርጥብ አንሶላ የሚያነጥፉ አሉ፤ ስፖንጁ ውሃ ይጠጣል፣ ይሸታል፣ ይሻግታል። ሌላው ስህተት በተዘጋ ክፍል ውስጥ እርጥብ ልብስ መስቀል ነው። ነፋስ ከሌለ እርጥበቱ እዚያው ይታፈንና ክፍሉ የባሰ ይከብዳል። ልብሱ መሰቀል ያለበት ነፋስ የሚገባበት መስኮት ላይ ነው።

ለመጠጥ ውሃም ያው ዘዴ ነው። የሮቶ ውሃ ቀትር ላይ ከቧንቧ ሲወጣ እጅ ያቃጥላል፤ ስለዚህ ባልዲና ጆግ ሌሊት ይሞላል፣ ሻወርም ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ ነው የሚወሰደው። 1 ሊትር ተኩል የሚይዝ የፕላስቲክ ጠርሙስ አሮጌ የጥጥ ካልሲ አልብሶ፣ ካልሲውን አርጥቦ ጥላ ውስጥ ነፋስ ላይ ማንጠልጠል ነው። በግማሽ ሰዓት ልዩነቱ ይታወቃል። የጭነት መኪና ሾፌሮች ጄሪካን በእርጥብ ጆንያ ጠቅልለው ጎን ላይ የሚያስሩት ለዚሁ ነው። ከሁሉ የሚሻለው ያልተቀባ የሸክላ ገንቦ ነው፤ የሸክላው ፊት "ያልባል"፣ ላቡ በነፋስ ሲደርቅ ውስጡ ያለው ውሃ ከውጪው አየር ከ10 ዲግሪ በላይ ሊወርድ ይችላል። ገንቦው ቤት ውስጥ እንደ ድስት በዘይት መሟሸት የለበትም፤ ዘይት ቀዳዳውን ይደፍነዋል፣ ማላቡም ይቀራል። ውሃው ማዕድን ስለሚበዛበት ከጥቂት ወራት በኋላ ሸክላው ፊት ላይ ነጭ ነገር ይጋገራል። በደረቅ ብሩሽ ፈግፍጎ፣ አንድ ቀን ፀሐይ ላይ አድርቆ መልሶ መሙላት ነው።

የጥናት ሰዓት፦ ከሌሊቱ 10 ወይም 11 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 3 ሰዓት፣ ማታ ደግሞ ከ2 ሰዓት በኋላ። ከ7 እስከ 10 ሰዓት ያለው ለእንቅልፍ ነው። በመጀመሪያው ሴሚስተር ይሄን መርሐ ግብር ያልያዘ ሰው በሰኔ ከመጽሐፉ ጋር አይስማማም።

መልስ 2፦ ነርስ ዱብቲ

ከላይ የተጻፈው ትክክል ነው፤ እኔ የምጨምረው በጤናው በኩል ነው። ሰው ሁሉ ሙቀቱን ይፈራል፤ ተማሪውን ይበልጥ ከአልጋ የሚያውለው ግን ትንኝ ነው።

ብዙዎች "በረሃ ነው፣ ዝናብ የለም፣ ወባ ከየት ይመጣል?" ይላሉ። የሚመጣው ከባልዲው ነው። አኖፊለስ ስቴፈንሲ የሚባል ከተማ የሚወድ የወባ ትንኝ በ2016 እ.ኤ.አ. ለመጀመሪያ ጊዜ አገራችን ውስጥ ቀብሪ ደሃር ላይ ተገኘ፤ ከዚያ በኋላ በምሥራቅና በሰሜን ምሥራቅ ቆላ ከተሞች ተስፋፍቷል፣ ሰመራንም ጨምሮ። ይሄ ትንኝ ረግረግ አይፈልግም፤ በርሜል፣ ሮቶ፣ የግንባታ ጉድጓድ ይበቃዋል። ድሬዳዋ ላይ በ2022 እ.ኤ.አ. በደረቁ ወራት የተነሣው ወባ ከዚሁ ትንኝ ጋር የተያያዘ መሆኑ በጥናት ታይቷል፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ዶርምም ከተጠቁት ውስጥ ነበር። ሁለተኛው ዴንጊ የሚባለው፣ በትንኝ የሚተላለፍ የትኩሳት በሽታ ነው። በ2015 ዓ.ም. ሎጊያና ሚሌ ላይ በወረርሽኝ ደረጃ ተነሥቶ ነበር። የዴንጊ ትንኝ የሚነክሰው በቀን ነው፤ አጎበር ብቻውን አያስጥልም።

ስለዚህ ዶርም ውስጥ ውሃ የሚጠራቀምበት ዕቃ ሁሉ ክዳን ይኑረው። በየሳምንቱ ሙሉ በሙሉ ተደፍቶ፣ የውስጥ ግድግዳው በብሩሽ ይፈገፈግ። "ውሃውን እኮ ቀይረነዋል" አይበቃም፤ የዴንጊ ትንኝ እንቁላሉን የሚለጥፈው ከውሃው መስመር ትንሽ ከፍ ብሎ ግድግዳው ላይ ነው፣ ደርቆም ወራት ይቆያል። አዲስ ውሃ ሲነካው ይፈለፈላል። ሳምንት የተባለውም ከእንቁላል እስከ በራሪ ትንኝ ያለው ጊዜ በሙቀት ወደ 7–10 ቀን ስለሚያጥር ነው።

አጎበር፦ በመድኃኒት የተነከረ ይሁን። አዲሱን ከመጠቀም በፊት አንድ ቀን ጥላ ላይ ማናፈስ። ሲታጠብ በለስላሳ ሳሙና፣ በረኪና ሳይነካው፤ ሲደርቅም ጥላ ላይ ነው፣ ፀሐይ መድኃኒቱን ያዳክመዋል። "ያፍነናል" ብሎ የሚያወልቀው ብዙ ነው። ከፍ አድርጎ መስቀልና ጫፉን ፍራሽ ሥር መጠቅጠቅ፣ ቬንትሌተሩን በጎን በኩል ማዞር ነው መፍትሔው። ገላ አጎበሩን ከነካ ትንኙ ከውጪ ሆኖ ይነክሳል።

ትኩሳት ሲመጣ በዚያው ቀን፣ ቢበዛ በ24 ሰዓት ውስጥ፣ ደም ይመርመር። "ሙቀቱ ነው" ብሎ መተኛት አደገኛ ነው። እስኪታወቅ ድረስ ለሕመሙ ፓራሲታሞል ብቻ። አይቡፕሮፌን፣ ዳይክሎፌናክና አስፕሪን አይወሰዱም፤ ሕመሙ ዴንጊ ሆኖ ከተገኘ የመድማት አደጋ ይጨምራሉ።

የሙቀት ድካምና የሙቀት ምት ይለያዩ። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ብዙ ላብ፣ ማዞር ካለ ድካም ነው፦ ጥላ፣ ውሃ፣ ኦአርኤስ (በውሃ የሚበጠበጠው የጨውና የስኳር ዱቄት)። ንግግሩ ከተምታታ፣ ከተንገዳገደ፣ ራሱን ከሳተ ግን ምት ነው፤ ላቡ ቢቆምም ባይቆምም። ጥላ ውስጥ አስተኝታችሁ፣ ልብሱን አላልታችሁ፣ መላ ሰውነቱ ላይ ውሃ እያፈሰሳችሁ አናፍሱት፣ በዚያው ወደ ክሊኒክ። ራሱን ለሳተ ሰው በአፍ ውሃ አይሰጥም። ፓራሲታሞል እዚህ ላይ አይሠራም፤ ትኩሳቱ የኢንፌክሽን አይደለም።

ውሃ፦ በሞቃቱ ወራት በቀን ከ4 እስከ 6 ሊትር፣ በጥቂት በጥቂቱ። ሽንቷ እንደ ገለባ የፈዘዘ ይሁን፤ እንደ ሻይ ከጠቆረ ቀርቷታል። አንድ ፓኬት ኦአርኤስ በ1 ሊትር ውሃ ይበጠበጣል፣ ከ24 ሰዓት በኋላ ይደፋል። ፓኬቱ ከሌለ በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ሁሉም ልክክ ተደርጎ የተሰፈረ። ጨው ማብዛት ጉዳት ነው። ለምትጾም ልጅ፣ የክርስቲያን ጾም ይሁን ረመዳን፣ በማፍጠሪያና በሌሊቱ መካከል ውሃውን መከፋፈል ነው እንጂ አንድ ላይ 2 ሊትር መጠጣት አይጠቅምም።

የቧንቧው ውሃ ጨዋማ ቢመስላት ማፍላትም ሆነ ክሎሪን ያንን አያወጣም። እነሱ የሚገድሉት ተውሳክ ነው። ለመጠጥ የተጣራ ውሃ ትግዛ፤ ለዕቃና ለገላ ሌላውን።

የደብረ ብርሃን ልጅ፦

እግዜር ይስጥልኝ፣ ይሄን የሚያህል ዝርዝር አልጠበቅኩም። ባልዲው ዕቃ ዝርዝሩ መጨረሻ ላይ ነበር፤ ከነክዳኑ ወደ ላይ አወጣዋለሁ። ላፕቶፑንና ስንቁን የሚያውቅ ካለ?

መልስ 3፦ ጥገና ሎጊያ

ላፕቶፕና ስልክ በጠቅላላው እስከ 35 ዲግሪ አየር ታስበው ነው የሚሠሩት። ከዚያ በላይ ራሳቸውን ያዘገያሉ፣ ከዚያም ይጠፋሉ። ይሄ ብልሽት አይደለም፣ መከላከያቸው ነው። ብልሽት የሚሆነው በሙቀቱ ላይ ቻርጅ ሲጨመር ነው፦ ባትሪው ያብጣል። የስልክ ጀርባ ሲነሣ፣ የላፕቶፕ ታችፓድ ወደ ላይ ሲገፋ ከታየ ወዲያው ቻርጅ ማቆምና ባትሪውን ማስቀየር ነው። ተጭኖ ለማስገባት መሞከር እሳት ያስነሣል።

ቻርጅ ሌሊት ወይም ማለዳ፣ ከ20 እስከ 80 በመቶ። ላፕቶፑ አልጋ ላይ ሳይሆን ጠንካራ ነገር ላይ፣ ከኋላ በኩል ሁለት የጠርሙስ ክዳን ተደርጎለት ከፍ ይበል። የስልኩ ሽፋን ይውለቅ። የጋለ ስልክ ፍሪጅ ውስጥ አይገባም፤ ውስጡ ጤዛ ይሠራና ቦርዱን ይበላዋል። አቧራው እንደ ዱቄት የደቀቀ ስለሆነ የላፕቶፑ ማራገቢያ በየሴሚስተሩ ይከፈትና ይጽዳ።

መብራት ሲጠፋ ሶኬቱ ይነቀል። ሲመለስ አምስት ደቂቃ ጠብቆ መሰካት፤ ዕቃ የሚቃጠለው ሲጠፋ ሳይሆን ሲመለስ ነው።

ቬንትሌተር መግዛቷ አይቀርም። ግንቦት ላይ ዋጋው ስለሚወጣ በጥር ትግዛ። ሞተሩ እያጉረመረመ ክንፉ ካልዞረ አዲስ አትግዛ። መጀመሪያ ከሶኬት ይነቀል። ክንፉን በእጅ ሲያዞሩት ከከበደ ዘንጉ ላይ አቧራና ፀጉር ተጠምጥሟል፤ ያንን አውጥቶ ሁለት ጠብታ የልብስ ስፌት መኪና ዘይት። የምግብ ዘይት ከተደረገበት በሳምንት ውስጥ ከአቧራው ጋር ሙጫ ይሆናል። በእጅ ቀለል ብሎ እየዞረ በመብራት ግን ካልተነሣ ካፓሲተሩ (ሞተሩን የሚያስነሣው ትንሽ ዕቃ) ደክሟል። አሮጌው ላይ የተጻፈውን የማይክሮፋራድ ቁጥር አይቶ ያንኑ ማስቀየር ነው፤ ጥገና ቤት ትንሽ ሥራ ነው።

መልስ 4፦ የአሳይታ ልጅ

የከተማውንና የመንገዱን እኔ ልበል። ከአዲስ አበባ ወደ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ አዳማ፣ አዋሽ፣ ገዋኔ፣ ሚሌ፣ ሎጊያ፣ ከዚያ ሰመራ። የጅቡቲ ተሳቢዎች መንገድ ስለሆነ በሌሊት መጓዝ አይመከርም። ከአዋሽ በኋላ መንገዱ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ስለሚያመራ ጠዋት ፀሐይ በቀኝ፣ ከሰዓት በግራ ትገባለች፤ ወንበር ሲመረጥ ይሄ ይታሰብ። ከደብረ ብርሃን ለሚነሣ ሰው በኮምቦልቻ፣ ባቲ አድርጎ ሚሌ ላይ መውጣትም አለ። አውሮፕላንም አለ፤ ማረፊያው በሱልጣን አሊሚራህ ሐንፈሬ ስም ነው የሚጠራው።

ሰመራ የክልሉ መቀመጫ እንድትሆን ታስባ የተሠራች ከተማ ናት፣ ቢሮና ግቢ ይበዛባታል። ገበያው፣ ልብስ ሰፊው፣ ጥገናው፣ ርካሹ ምግብ ሎጊያ ነው፣ በባጃጅ ወይም በሚኒባስ ቅርብ ነው። ከ6 እስከ 10 ሰዓት ሰው ጥላ ውስጥ ነው፤ ጉዳይ ጠዋት ወይም ከ10 በኋላ ይያዝ። ዓርብ ቀትር ሶላት ነው።

የጫማ ነገር ችላ አይባል። በየመንገዱ ዳር የሞላው ፕሮሶፒስ የሚባለው ዛፍ እሾሁ ስስ ነጠላ ጫማ በስቶ እግር ይገባል፤ ጫፉ ውስጥ ከተሰበረ ያብጣል፣ ያመግላል። ሶሉ ወፍራም የሆነ ክፍት ሳንዳል ይሻላል። ሶሉ በሙጫ ብቻ የተለጠፈ ጫማ በአስፋልቱ ሙቀት ይላቀቃል፤ ሎጊያ ወስዶ ዙሪያውን ማሰፋት ነው።

አዋሽ ወንዝ ዱብቲ አጠገብ ያልፋል። አዞ አለበት። "ትንሽ እንቀዝቅዝ" ተብሎ አይገባም።

ከአፋር ሰው ጋር ሰላምታ አይቸኮልም። ዳጉ የምንለው ሁለት ሰው ሲገናኝ ያየውንና የሰማውን በየተራ የሚነጋገርበት ወግ ነው፤ መንገዱ፣ ዝናቡ፣ ከብቱ፣ ጤናው ሁሉ ይጠየቃል። እህትህ አንድ ሱቅ ገብታ ዕቃ ከመጠየቋ በፊት ሁለት ደቂቃ ብትቆም ሰው ያውቃታል፣ የታወቀች ልጅ ደግሞ እዚህ አገር አትቸገርም። ሰው ሳያስፈቅዱ ፎቶ ማንሣት ግን ነውር ነው። ልብስ ሰፋ ያለ፣ ረጅም፣ የጥጥ ይሁን፤ ለባህሉም ለፀሐዩም ይሄው ነው የሚሆነው። ወፍራም ብርድ ልብስ ትተወው፣ ለጥር ሌሊት አንድ ስስ ጋቢ ይበቃል።

መልስ 5፦ እናት ጓዳ

ለእናትህ ንገራት፣ ስንቁን በደረቅና በቅባት ትክፈለው። በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ቆሎ፣ ሽሮ፣ በርበሬ እርጥበት ስለሌለ ከደጋ ይልቅ እዚያ ይቆያሉ። ቋንጣም ደህና ነው፣ በደንብ ከደረቀ። ቅቤ ግን ጠዋት ደብረ ብርሃን ላይ ድንጋይ የነበረው ከሰዓት ሚሌ ላይ ዘይት ነው። በሚጠመዘዝ ክዳን፣ በሁለት ፌስታል፣ ቆሞ ካልተጓዘ ሻንጣውን ያጠግበዋል። ሳይነጠር አይላክ፤ አይቡና ውሃው ያለበት ቅቤ በሁለት ሳምንት ይኮመጥጣል።

ጭኮም ቅቤ ስላለው ለሞቃቱ ወራት ባይሆን ይሻላል። በሶውን ደግሞ በውሃና በትንሽ ጨው በጥብጣ ጠዋት ብትጠጣው ለላቡ ጥሩ ነው።

እንጀራ ገዝታ ከተረፋት ቆራርሳ ወንፊት ላይ ትዘርጋው፤ በግማሽ ቀን ድርቆሽ ይሆናል። ሳይደርቅ በፌስታል ታስሮ ካደረ ግን በማግስቱ ሻጋታ ነው። ወጥ ከማታ ወደ ጠዋት አይተርፍም፣ ቢሞቅም አይመለስም፤ ሲሠራ ለአንድ ማዕድ ብቻ ይሠራ። ውሃ እዚያ የሚፈላው 99 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ፣ ደብረ ብርሃን ላይ አልበስል የሚለው ሽምብራና ባቄላ ቶሎ ይበስላል። በለመደችው ሰዓት ብትጠብቀው ይፈርስባታል።

የደብረ ብርሃን ልጅ፦

ቅቤው በፌስታል ታስሮ ነበር፤ አሁን እየተነጠረ ነው። አንድ የመጨረሻ ጥያቄ፦ የዶርም ጓደኛዋ ልትሆን የምትችል ከሠፈራችን የተመደበች ልጅ ኢንሱሊን ትወስዳለች። ይቻላል?

ነርስ ዱብቲ፦

ይቻላል፣ ግን ከመሄዷ በፊት ይታቀድ። ያልተከፈተው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ፍሪጅ ይፈልጋል፤ በደረሰችበት ቀን የግቢው ክሊኒክ ሄዳ በስሟ ይቀመጥላት። የተከፈተው ከ30 ዲግሪ በታች ለ4 ሳምንት ገደማ ይቆያል፤ ቀኑን ጠርሙሱ ላይ ትጻፍበት። ለዚህ ሁለት ሸክላ፦ ትንሹ በትልቁ ውስጥ፣ መሃሉ እርጥብ አሸዋ፣ ላዩ እርጥብ ጨርቅ፣ ጥላና ነፋስ ያለበት ቦታ፤ አሸዋው ጠዋትና ማታ ውሃ ይጠጣ። ውስጡ ትንሽ ቴርሞሜትር ታስቀምጥ። ግንቦትና ሰኔ ላይ ከ30 በላይ ካሳየ የተከፈተውም ወደ ክሊኒኩ ፍሪጅ ይግባ። በጉዞ ላይ በረዶ በቀጥታ አይንካው፤ በረዶ የነካው ኢንሱሊን ይበላሻል። ጥርት ያለው ከደፈረሰ፣ ደመናማው ደግሞ ተንከባሎም ካልተቀላቀለ ወይም ከጓጎለ ይጣል። ሙቀቱ ሲጨምር ኢንሱሊኑ ከቆዳ ሥር ቶሎ ወደ ደም ስለሚገባ ስኳሯ ሊወርድ ይችላል፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ከወትሮው ቶሎ ቶሎ ትለካ፣ ከረሜላ ከኪሷ አይጥፋ፣ እህትህም ምልክቱን ትወቅ፦ መንቀጥቀጥ፣ ቀዝቃዛ ላብ፣ ንግግር መጎተት።